ዶት ዋን ኤክስ፦ የስዊች ፖርቶችን ቢሮው ሥራ ሳያቆም እንዴት እንቆልፍ

እስቲ አንድ ሙከራ አድርጉ። የግል ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ የስብሰባ ክፍል ግቡ። ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ ሶኬት በኬብል አገናኙት። አይፒ አድራሻ አገኘ? የፋይል ሰርቨሩን ፒንግ ስታደርጉት መለሰ? እንግዲያውስ ለስብሰባ የመጣ ማንኛውም እንግዳ ያንኑ ማድረግ ይችላል። ዋይፋዩ ላይ ረጅም ፓስወርድ እናደርጋለን፣ ፋየርዎል እንገዛለን፣ የግድግዳውን ሶኬት ግን እንዲሁ እንተወዋለን።

ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው 802.1ኤክስ የሚባለው ደረጃ ነው። በአፍ «ዶት ዋን ኤክስ» እንለዋለን። መጀመሪያ የወጣው በ2001 ነው (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2004፣ በ2010 እና በ2020 ታድሷል። ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምታገኙት ማኔጅድ ስዊች (ቅንብሩን መለወጥ የሚቻል የኔትወርክ ኬብሎች ማገናኛ) ሁሉ ማለት ይቻላል ይሠራበታል። ታዲያ ለምን ብዙ ቦታ አይበራም? አንድ ቀን በችኮላ በርቶ ሠራተኛውን ሁሉ ከኔትወርክ አስወጥቶ ስለሚያውቅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊነካው አይፈልግም።

ስለዚህ እዚህ ላይ ከትዕዛዞቹ እኩል ለቅደም ተከተሉ ቦታ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ቁጠሩ። ቀጥሎ ምንም ሳትዘጉ ተመልከቱ። መዝጋት የመጨረሻው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

የአንድ መሥሪያ ቤት በር አስቡ። እንግዳ ይመጣል። ጥበቃው ያስቆመዋል። ጥበቃው ግን ራሱ አይወስንም። ወደ ውስጥ ይደውላል፣ «እገሌ የሚባል ሰው መጥቷል» ይላል። «ይግባ» ከተባለ በሩን ይከፍታል።

ኮምፒውተሩ እንግዳው ነው። ስዊቹ ጥበቃው ነው። ውስጥ ሆኖ የሚወስነው ራዲየስ ሰርቨሩ ነው። ኮምፒውተሩ እስኪፈቀድለት ድረስ ፖርቱ የሚያሳልፈው የማንነት ጥያቄና መልስ የያዙትን ፍሬሞች (የኔትወርክ መልእክት ጥቅሎች) ብቻ ነው። አይፒ አድራሻ የሚያከፋፍለው ዲኤችሲፒም ሆነ ፒንግ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊቹ የሚያመላልሰውን መልእክት አያነበውም። ኢኤፒ የሚባለውን ንግግር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል፣ በራዲየስ ፖስታ ያሽገዋል፣ ለሰርቨሩ ያቀብላል። ፓስወርድ ይሁን ሰርተፊኬት (ማንነትን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፋይል) አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው «መግባት አቃተኝ» ሲላችሁ ስዊቹ ላይ ሰዓታት አታጥፉ። ምክንያቱ የተጻፈው ሰርቨሩ ሎግ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የምጠቀመው ሲስኮ ካታሊስት ስዊች፣ ኡቡንቱ ላይ የተጫነ ፍሪራዲየስ 3 የተባለ የራዲየስ ሶፍትዌር እና ዊንዶውስ ያላቸው የሠራተኛ ኮምፒውተሮች ነው። ስዊቹ 10.10.1.2፣ ሰርቨሩ 10.10.1.10 ነው። ቪላን ማለት በአንድ ስዊች ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ ነው። ቪላን 10 ለአስተዳደር፣ 20 ለሠራተኛ፣ 30 ለፕሪንተርና ለካሜራ፣ 90 ለእንግዳ ይሁን። ትዕዛዞቹን በአፍ እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስዊቹ ላይ የምትተይቧቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከተጠራጠራችሁ ስዊቹ ላይ የጥያቄ ምልክት ምቱ፣ ቀጣዩን ቃል ያሳያችኋል።

1ኛ፦ ደብተር ይዛችሁ ዙሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል። ሥራው ያለው ግን እዚህ ነው።

ስዊቹ ላይ «ሾ ማክ አድረስ-ቴብል» በሉና በየፖርቱ የሚታየውን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) አውጡ። ከዚያ ተነሱና በእግራችሁ ዙሩ። እያንዳንዱ ፖርት ጫፍ ላይ ምን እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ዝርዝሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ዶት ዋን ኤክስ የሚናገሩ፣ የማይናገሩ እና ምን እንደሆኑ ያልታወቁ።

ኮምፒውተሮች ይናገራሉ። አዳዲስ የአይፒ ስልኮችና አንዳንድ ፕሪንተሮችም ይናገራሉ። የማይናገሩት ብዙ ጊዜ የተረሱት ናቸው። በር ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን። የካሜራዎቹ መቅጃ። ሂሳብ ክፍል ያለው አሮጌ ፕሪንተር። የጄኔሬተሩን ሁኔታ የሚከታተል ትንሽ ሳጥን። የጣት አሻራ ማሽኑ ከተረሳ ወር ሲደርስ የሰው ኃይል ክፍሉ የሠራተኛ ሰዓት ያጣል። ያን ቀን ስልካችሁ አያርፍም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከጠረጴዛ ሥር ያለው ትንሽ ስዊች ነው። ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሶኬት ብቻ አለ፣ ሠራተኞቹ ግን አራት ናቸው። አንድ ሰው ባለ አምስት ፖርት ርካሽ ስዊች ገዝቶ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጧል፣ አቧራ ለብሶ አረንጓዴ መብራቱን ያብለጨልጫል። ዶት ዋን ኤክስ ፍሬሞቹን የሚልክበት ልዩ የቡድን አድራሻ አለ። ደረጃውን የሚከተል ስዊች ደግሞ ወደዚያ አድራሻ የተላከን ፍሬም ወደ ሌላ ፖርት እንዳያሳልፍ ታዟል። አንዳንዱ ትንሽ ስዊች ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ይውጠዋል። ከሚውጠው ጀርባ ያሉት አራቱም ኮምፒውተሮች ቅንብራቸው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ማንነታቸውን ማሳወቅ አይችሉም።

ስለዚህ እነዚህን ስዊቾች አሁኑኑ መዝግቡ። ከተቻለ ለየጠረጴዛው ኬብል ይዘርጋ። ካልተቻለ ትንሽ ማኔጅድ ስዊች ተኩባቸው። በጀት ለማስፈቀድ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄውን ከዛሬ ጀምሩ።

2ኛ፦ ራሳችሁን እንዳትቆልፉ

በአንድ ወቅት ራቅ ያለ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ስዊች ከርቀት እያዋቀርኩ ነበር። «ኤኤኤ ኒው-ሞዴል» ብዬ ተየብኩ። የተከፈተው መስኮት ስላልተዘጋ ሁሉም ነገር ደህና መሰለኝ። ቀሪውን ነገ ልጨርስ ብዬ ሴቭ አደረግኩና ወጣሁ። በማግስቱ ስዊቹ የተጠቃሚ ስም ጠየቀኝ። አንድም የተጠቃሚ ስም አልፈጠርኩም ነበር። ኮንሶል ኬብል (በቀጥታ ስዊቹ ላይ የሚሰካ) ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ያ ትዕዛዝ ከኮንሶሉ በስተቀር በሌሎቹ የመግቢያ መስመሮች ሁሉ ላይ ወዲያው የስዊቹን የራሱን ተጠቃሚ መጠየቅ ይጀምራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ እነዚህን አድርጉ፦

ዩዘርኔም አስተዳዳሪ ፕሪቪሌጅ 15 ሲክሬት [ጠንካራ ፓስወርድ]
ኤኤኤ ኒው-ሞዴል
ኤኤኤ ኦተንቲኬሽን ሎጊን ዲፎልት ሎካል

«አስተዳዳሪ» ባልኩበት ቦታ የራሳችሁን የተጠቃሚ ስም አስገቡ። የመጀመሪያውን መስኮት ሳትዘጉ ሁለተኛ መስኮት ከፍታችሁ ግቡ። ከገባችሁ ቀጥሉ።

ሌላም መድን አለ። ከመጀመራችሁ በፊት «ሪሎድ ኢን 30» በሉ። ስዊቹ ከ30 ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋና ያስነሳል። ራሳችሁን ብትቆልፉ፣ ሴቭ ስላላደረጋችሁ ወደ ድሮው ቅንብር ይመለሳል። ሥራው ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል» ማለትን አትርሱ። ሁሉንም ፖርት ስለሚያቋርጥ ግን ይህን የሥራ ሰዓት ላይ አታድርጉት።

3ኛ፦ ሰርቨሩን አዘጋጁ

ፍሪራዲየስን በ«አፕት ኢንስቶል» ጫኑ። የቅንብር ፋይሎቹ «ኢቲሲ» ውስጥ «ፍሪራዲየስ» ከዚያም «3.0» በሚል ማውጫ ሥር ናቸው።

«ክላየንትስ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ። ሰርቨሩ የሚያናግረው እዚህ የተመዘገበን ስዊች ብቻ ነው። የስዊቹን አይፒ እና የጋራ ምስጢር ቃሉን ጻፉ። ፋይሉ ውስጥ ለራሱ ለሰርቨሩ መሞከሪያ የተቀመጠ «ቴስቲንግ123» የሚል ቃል ታያላችሁ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። ለስዊች ፈጽሞ አትጠቀሙበት። ረጅምና የዘፈቀደ ቃል አውጡ፣ ለእያንዳንዱ ስዊችም የተለየ ይሁን።

በ2024 ብላስትራዲየስ የተባለ ድክመት ይፋ ሆኖ ነበር። መሀል ላይ የገባ አጥቂ የሰርቨሩን «አይገባም» ወደ «ይግባ» መለወጥ ይችላል። የኢኤፒ ጥያቄዎች የመልእክቱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ማኅተም የግድ ስለሚይዙ አይነካቸውም። ኢኤፒ ላልሆኑት ግን ያሰጋል። ስለዚህ የሰርቨሩንም የስዊቹንም ሶፍትዌር አድሱ፣ በመሀላቸው ያለውንም ትራፊክ በአስተዳደር ቪላኑ ውስጥ ብቻ አቆዩት።

ቀጥሎ መሞከሪያ ተጠቃሚ ፍጠሩ። «ኦቶራይዝ» የሚለው ፋይል ውስጥ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አስገቡ። ከዚያ «ራድቴስት» በሚለው መሣሪያ ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ሞክሩ። «አክሰስ-አክሰፕት» ካለ ጥሩ ነው። ካላለ አገልግሎቱን አቁሙና «ፍሪራዲየስ» ከሚለው ትዕዛዝ ኋላ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ ጨምራችሁ አስነሱት። እያንዳንዱን እርምጃ ስክሪኑ ላይ ይዘረግፍላችኋል። ብዙ መስመር ስለሆነ አትደናገጡ። ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚመጣውን አንብቡ፤ ስህተቱ የት ላይ እንዳለ ራሱ ይነግራችኋል።

ፋየርዎል ካለ ዩዲፒ 1812 እና 1813 ይከፈቱ። የመጀመሪያው ለማረጋገጥ፣ ሁለተኛው ለመዝገብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ እንምጣ። ከኢኤፒ ዘዴዎች የትኛው ይሁን፦ ፒኢኤፒ ወይስ ኢኤፒ-ቲኤልኤስ? ፒኢኤፒ በተጠቃሚ ስምና በፓስወርድ ይሠራል፣ ለመጀመር ይቀላል። ኢኤፒ-ቲኤልኤስ ለየኮምፒውተሩ ሰርተፊኬት ይፈልጋል፣ ዝግጅቱም ይበዛል። እኔ የምመክረው ኢኤፒ-ቲኤልኤስን ነው። ፒኢኤፒ ውስጥ ፓስወርዱን የሚያረጋግጠው ኤምኤስ-ቻፕ ሁለተኛው ስሪት ከ2012 ጀምሮ በቀላሉ እንደሚሰበር ታውቋል። ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ሳይመረምር ከተገናኘ፣ ሐሰተኛ ሰርቨር ያቆመ ሰው የሠራተኛውን ፓስወርድ ፈልቅቆ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ከዊንዶውስ 11 22ኤች2 ጀምሮ በኢንተርፕራይዝ እትሞች ላይ የመግቢያ ፓስወርዶችን የሚጠብቀው ክሬደንሻል ጋርድ ራሱ ስለሚበራ፣ ሠራተኛው ዊንዶውስ ውስጥ በገባበት ፓስወርድ ፒኢኤፒ በራሱ አልፎ መግባቱ ይቆማል። የዶሜይን ሰርቨር (የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድር) ካላችሁ ሰርተፊኬቶቹን በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ከዚያ ሰርቨር ለሁሉም በሚላክ ቅንብር፣ ማከፋፈል ስለሚቻል ሥራው የሚፈራውን ያህል አይደለም። ቢሮው ትንሽ ከሆነና በፒኢኤፒ መጀመር ካለባችሁ ግን የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ማስመርመር ግዴታ አድርጉት።

ፍሪራዲየስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ሰርተፊኬት ለሙከራ ብቻ ነው። የራሳችሁን የሰርተፊኬት ሰጪ አቋቁሙ። የሰርተፊኬቱ ማብቂያ ቀን የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግድግዳ ላይ ባለው የቢሮ ካላንደር ላይ በእኛ አቆጣጠር ገልብጡትና ከአንድ ወር በፊት ምልክት አድርጉ። ያ ቀን ካመለጠ ሰርቨሩን የሚያምን ኮምፒውተር አይኖርም፣ ቢሮው በሙሉ በአንድ ጠዋት ከኔትወርክ ይወጣል።

4ኛ፦ የስዊቹ አጠቃላይ ቅንብር

ራዲየስ ሰርቨር ራድ1
አድረስ አይፒቪ4 10.10.1.10 ኦውዝ-ፖርት 1812 አክት-ፖርት 1813
ኪይ [የጋራ ምስጢር ቃል]
ኤክሲት
አይፒ ራዲየስ ሶርስ-ኢንተርፌስ ቪላን 10
ኤኤኤ ኦተንቲኬሽን ዶት1ኤክስ ዲፎልት ግሩፕ ራዲየስ
ኤኤኤ ኦቶራይዜሽን ኔትወርክ ዲፎልት ግሩፕ ራዲየስ
ኤኤኤ አካውንቲንግ ዶት1ኤክስ ዲፎልት ስታርት-ስቶፕ ግሩፕ ራዲየስ
ዶት1ኤክስ ሲስተም-ኦውዝ-ኮንትሮል

ስለ ሦስት መስመሮች ልናገር። የፖርት ቁጥሮቹን በግልጽ ጻፉ። የቆዩ ሲስኮ ስዊቾች ካልነገራችኋቸው 1645 እና 1646 ይጠቀማሉ። ሰርቨሩ 1812 ላይ ሲጠብቅ ስዊቹ 1645 ላይ ያንኳኳል። «ሶርስ-ኢንተርፌስ» የሚለውም ወሳኝ ነው። ሰርቨሩ ስዊቹን የሚለየው በሚመጣበት አይፒ ነው። ስዊቹ ብዙ አይፒ ካለውና በሌላው ከላከ፣ ሰርቨሩ «አላውቅህም» ብሎ ዝም ይለዋል። «ኦቶራይዜሽን ኔትወርክ» ከሌለ ደግሞ ሰርቨሩ «ይህን ሰው ቪላን 20 አስገባው» ቢልም ስዊቹ አይሰማም።

የመጨረሻው መስመር ዋናው ማብሪያ ነው። ብቻውን ግን ማንንም አይዘጋም፣ ፖርቶቹ ገና አልታዘዙምና። አሁን «ቴስት ኤኤኤ ግሩፕ ራዲየስ» ብላችሁ የመሞከሪያውን ተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ፣ መጨረሻ ላይ «ኒው-ኮድ» ጨምሩ። ስዊቹና ሰርቨሩ መግባባታቸውን ታያላችሁ።

5ኛ፦ አንድ ፖርት፣ ክፍት ሆኖ

በራሳችሁ ጠረጴዛ ፖርት ጀምሩ።

ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 1/0/5
ስዊችፖርት ሞድ አክሰስ
ስዊችፖርት አክሰስ ቪላን 20
ኦተንቲኬሽን ኦፕን
ኦተንቲኬሽን ሆስት-ሞድ መልቲ-ኦውዝ
ኦተንቲኬሽን ፖርት-ኮንትሮል ኦቶ
ማብ
ዶት1ኤክስ ፒኤኢ ኦተንቲኬተር
ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት

«ማብ» ዶት ዋን ኤክስ ለማይናገሩ መሣሪያዎች ነው፣ 8ኛው ላይ እመጣበታለሁ። ቁልፉ «ኦተንቲኬሽን ኦፕን» ነው። ስዊቹ ማንነት ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ውጤቱ ይመዘገባል። ነገር ግን ያላለፈውም ሰው ሥራውን ይቀጥላል። ማንም ሳይጎዳ ማን እንደሚወድቅ ታያላችሁ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ የቪላን ትእዛዝ እንዳይልክ አድርጉ። ፖርቱ ክፍት ቢሆንም የቪላን ለውጥ ከመጣ ስዊቹ ይፈጽመዋል፣ አንዱ ሠራተኛም ሳይታሰብ ሌላ ኔትወርክ ውስጥ ይገኛል።

6ኛ፦ ኮምፒውተሩን አዘጋጁ

ዊንዶውስ ላይ ለኬብል የሚሠራው አገልግሎት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ሰርቪስስ ውስጥ «ዋየርድ ኦቶኮንፊግ» የሚለውን ፈልጉ፣ ኦቶማቲክ አድርጉት፣ አስነሱት። ያኔ የኔትወርክ ካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ «ኦተንቲኬሽን» የሚል ታብ ይወጣል። ብዙ ሰው «ታቡ የለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው አገልግሎቱን ስላላስነሳ ነው።

እዚያ የመረጣችሁትን ዘዴ አስገቡ። የሰርቨሩን ማንነት አረጋግጥ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፣ የእናንተንም ሰርተፊኬት ሰጪ ምረጡ። ዶሜይን ካላችሁ ኮምፒውተሩ ራሱም ይረጋገጥ። እንዲህ ካልሆነ ሰው ሎጊን ሳያደርግ ፖርቱ አይከፈትም፣ ፖርቱ ካልተከፈተ ደግሞ ያንን ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀም ሰው ዶሜይን ሰርቨሩን አያገኘውም። ከአሥር በላይ ኮምፒውተር ካለ ይህን ሁሉ በግሩፕ ፖሊሲ ላኩት።

አሁን ስለ ሰዓት ልንገራችሁ። የቆዩ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አይቶ «ጊዜው ገና አልደረሰም» ይላል፣ አይቀበለውም። ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዳያስተካክል ኔትወርኩ ተዘግቶበታል። አዙሪት ውስጥ ገባ። ተጠቃሚው የሚያየው «ኢንተርኔት የለም» ብቻ ነው። ስዊቹ ላይ ብትመለከቱ መውደቁን እንጂ ምክንያቱን አታዩም። እንግዲያውስ እየዞራችሁ ሳላችሁ የኮምፒውተሮቹን ቀን እዩ። የተሳሳተ ካለ ባትሪውን ቀይሩ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ጭቅጭቅ ግን ብዙ ነው። ስዊቹና ሰርቨሩም ሰዓታቸውን ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ይውሰዱ።

7ኛ፦ ተመልከቱ

ሁሉንም የሠራተኛ ፖርት በክፍት ሁኔታ አብሩና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የወር መጨረሻ ቢካተት ይመረጣል። ደመወዝ ሲሠራ ብቻ የሚበራ ፕሪንተር አለ።

በየቀኑ «ሾ ኦተንቲኬሽን ሴሽንስ» በሉ። የአንዱን ፖርት ዝርዝር ለማየት የኢንተርፌሱን ስም እና «ዲቴይልስ» ጨምሩ። ዘዴው ዶት ዋን ኤክስ ይላል ወይስ ማብ? ሁኔታው ተፈቅዷል ይላል ወይስ አልተፈቀደም? ያልተፈቀደውን ሁሉ ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ። ደብተሩ ላይ የሌለ ማክ አድራሻ ካያችሁ እስክታገኙት ድረስ ኬብሉን ተከተሉ።

8ኛ፦ የማይናገሩት እንዴት ይግቡ?

ለፕሪንተር፣ ለካሜራና ለጣት አሻራ ማሽን «ማብ» አለ። ስዊቹ ይጠይቃል፣ መልስ ያጣል፣ ከዚያ የመሣሪያውን ማክ አድራሻ እንደ ተጠቃሚ ስምም እንደ ፓስወርድም አድርጎ ለሰርቨሩ ይልካል። ሲስኮ በመደበኛው በትንንሽ ፊደላትና ያለ ምንም ነጥብ ወይም ሰረዝ ነው የሚልከው። ሰርቨሩ ላይ በሁለት ነጥብ ለያይታችሁ ከመዘገባችሁት አይገናኙም።

የጥበቃ ጊዜውን አስቡ። ስዊቹ በየ30 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ማብ የሚጀምረው ከ90 ሰከንድ በኋላ ነው። አንዳንድ ፕሪንተር እስከዚያ አይፒ መጠየቅ ሰልችቶት ያቆማል። ፖርቱ ላይ «ዶት1ኤክስ ታይምአውት ቲኤክስ-ፒሪየድ 10» ብትሉ ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል። ከዚህ በጣም አታሳጥሩት። ቀስ ብሎ የሚነሳ ኮምፒውተር መልስ ሳይሰጥ በማክ አድራሻው ሊታይ ይችላል።

ማብ ግን ደካማ መታወቂያ መሆኑን አትርሱ። ፕሪንተሩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። ማክ አድራሻው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማንም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላፕቶፑ ላይ ሊተይበው ይችላል። ስለዚህ በማብ የሚገባ ነገር ሁሉ ቪላን 30 ይግባ፣ ከዚያም ወደሚያስፈልገው ሰርቨር ብቻ ይለፍ። ፕሪንተር የፋይል ሰርቨሩን የሚያይበት ምክንያት የለም።

ቪላን ከሰርቨሩ ለመላክ ሦስት ነገር ይላካል፦ የተነል ዓይነት 13፣ የተነል ሚዲየም 6 እና የቪላኑ ቁጥር። በፒኢኤፒ ተጠቃሚው የሚረጋገጠው በውስጠኛው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ መልሱ እዚያው ሊቀር ይችላል። ፍሪራዲየስ ውስጥ «ኢነር-ተነል» የሚለውን ፋይል ከፍታችሁ «ፖስት-ኦውዝ» ክፍል ውስጥ «ኢፍ 0» የሚለውን «ኢፍ 1» አድርጉት። እኔ ይህችን አንዲት ቁጥር ፍለጋ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ።

9ኛ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ከመዝጋታችሁ በፊት ይህ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። መብራት ጠፋና መጣ እንበል። ስዊቹ ተነሳ። ኮምፒውተሮቹም ተነሱ። ሰርቨሩ ግን ገና ዲስኩን እየመረመረ ነው። አርባ ሰው ጥበቃው ፊት ተሰልፏል፣ ወደ ውስጥ የሚደወልለት ሰው ግን ስልክ አያነሳም።

ሰርቨሩን ከስዊቹ ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ከተቻለ ሁለተኛ ራዲየስ ሰርቨር ይኑር። ከዚያ ስዊቹ ሰርቨሩን «የለም» የሚልበትን መስፈርት ንገሩት፦

ራዲየስ-ሰርቨር ዴድ-ክራይቴሪያ ታይም 5 ትራይስ 3
ራዲየስ-ሰርቨር ዴድታይም 10

ፖርቱ ላይ ደግሞ፦

ኦተንቲኬሽን ኢቨንት ሰርቨር ዴድ አክሽን ኦቶራይዝ ቪላን 20
ኦተንቲኬሽን ኢቨንት ሰርቨር አላይቭ አክሽን ሪኢኒሺያላይዝ

ሰርቨሩ ከሌለ ሠራተኛው ለጊዜው ይግባ፣ ሰርቨሩ ሲመለስ እንደገና ይጠየቅ ማለት ነው። ለስብሰባ ክፍሉና ለኮሪደር ፖርቶች ይህን አትስጡ። እነሱ ሰርቨር በሌለበት ዝግ ሆነው ይቆዩ። ይህን የምለው የደኅንነቱን ጎን ረስቼ አይደለም። ደንበኛ የሚያስተናግድ ቢሮ በየመብራት መጥፋቱ ከቆመ፣ ኃላፊው በሳምንቱ «አጥፉት» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያበራው አይገኝም።

10ኛ፦ ዝጉ

ሰኞ ጠዋት አይሁን። የደመወዝ ሰሞንም አይሁን። አንድ ክፍል ምረጡ፣ ለሠራተኞቹ ቀድማችሁ ንገሩ፣ እዚያው ተገኙ።

ኖ ኦተንቲኬሽን ኦፕን
ኦተንቲኬሽን ሆስት-ሞድ መልቲ-ዶሜይን
ኦተንቲኬሽን ቫዮሌሽን ሪስትሪክት

መልቲ-ዶሜይን አንድ ስልክና ከስልኩ ጀርባ አንድ ኮምፒውተር ይፈቅዳል። ከጠረጴዛ ሥር የነበረው ትንሽ ስዊች ካልተነሳ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ሦስተኛውን መስመር አትዝለሉት። ካልጻፋችሁት ስዊቹ ተጨማሪ መሣሪያ ሲያይ ፖርቱን ጨርሶ ያጠፋዋል፣ የተፈቀደለትም ሰው አብሮ ይወጣል። የሰርቨሩን የቪላን መልስም አሁን አብሩት።

እንግዳ ኢንተርኔት የሚፈልግበት ክፍል ካለ እዚያ ፖርት ላይ ብቻ «ኦተንቲኬሽን ኢቨንት ኖ-ሪስፖንስ አክሽን ኦቶራይዝ ቪላን 90» ጨምሩ። ቪላን 90 ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይውጣ።

አንዱ ክፍል ሦስት ቀን ያለ ስልክ ጥሪ ካለፈ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ችግር ከመጣ የዚያን አንድ ፖርት «ኦተንቲኬሽን ኦፕን» መልሱ፣ ሰውየው ሥራውን ይቀጥል፣ እናንተ ሎጉን አንብቡ። ስዊቹ ላይ ሰርቨሩ አልመለሰም የሚል ካያችሁ የምስጢር ቃሉንና የሶርስ አይፒውን እዩ። ሰርቨሩ ሎግ ላይ ስለ ሰርተፊኬት ካጉረመረመ ቀኑን እዩ። ሰርቨሩ ጋ ምንም የኢኤፒ ጥያቄ ካልደረሰና ስዊቹ ማብ ብቻ ከሞከረ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዋየርድ ኦቶኮንፊግ ጠፍቷል ወይም መሀል ላይ ያላያችሁት ትንሽ ስዊች አለ።

የእንግዳ ቪላን ያልሰጣችሁት የስብሰባ ክፍል ላይ ከተዘጋ በኋላ ያንን የግል ላፕቶፕ ይዛችሁ ተመለሱ። እዚያው ሶኬት ላይ ሰኩት። ትንሽ ጠብቁ። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ራሱ ለራሱ ይሰጣል፣ የፋይል ሰርቨሩም አይመልስም። አሁን ኬብሉን ነቅላችሁ በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ሰኩ። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቪላን 20 ይገባል። ሁለቱንም በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ «ራይት ሜሞሪ» በሉና ቅጂውን ከደብተሩ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡ።